የእናቴ ቦርዴ እና የክቡርነትዎ ሰሌዳ

ለክቡር አቶ ሸዋንግዛው፣
የከተማችን የልደት በዓል መጽሐፍ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሐዋሳ።

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ የደም ግፊትዎ በልኩ፣ ወንበርዎ በቦታው፣ የቢሮዎ ማራገቢያም እየዞረ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ የሚመሩት ኮሚቴ ከዋለላት ውለታ በኋላ ደህና መሆኗ ራሱ ለመጽሐፍዎ አንድ ምዕራፍ የሚወጣው ነገር ነው።

ምናልባት መልኬ ከጠፋዎት፣ ታቢታ ሙሴ እባላለሁ፤ መሃል ከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ፣ የኮሚቴዎን ቃለ ጉባኤ ሳባዛ የኖርኩ ሴት ነኝ። አባቴ የዳቦ ቤቱ ሙሴ ነው፤ በደርግ ዘመን አርፎ ሳለ የሰፈራችን ልጆች ዛሬም ሱቅ ሲላኩ "ሁለት ሙሴ ስጠኝ" እያሉ ዳቦ የሚገዙበት ሰው። ክቡርነትዎ ዘንድ ቀርቤ ለመነጋገር ደጋግሜ ብሞክርም፣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ፣ ከስብሰባው ሲወጡ ግምገማ ላይ፣ ከግምገማው ሲወጡ ደግሞ ስልጠና ላይ መሆንዎን በትሕትና ስትገልጽልኝ ሰንብታለች። በመጨረሻ ኮሪደር ላይ አግኝቼዎት፣ እርምጃዎን ሳያቋርጡ፣ በአደባባይ የተነገረ ነገር የግል ሊሆን እንደማይችል አስተምረውኝ አልፈዋል። ትምህርቱ በደንብ ስለገባኝ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ምስጋናዬ ይቅደም። አባቴ "ከተማዋን ካቆሙ ሰዎች" አንዱ ሆኖ በመጽሐፉ እንዲገባ በመመረጡ ቤተሰባችን ኮርቷል። የተመረጠለት ፎቶ ያማረ ነው። ክራባት አድርጓል፤ ክራባቱ የጎረቤት ነው፤ የጥናት ቡድንዎ ይህን ሳያገኘው መቅረቱን ሳይ ሥራው ገና እንዳላለቀ ተረድቻለሁ። ከፎቶው ሥር አባቴ በራሱ ላብና በራሱ ጥረት ምድጃ አቁሞ ከተማዋን ዳቦ ያበላ ልማታዊ ባለሀብት ተብሏል። አባቴ ይህ ቃል ከመፈጠሩ በፊት ስለሞተ ልማታዊ መሆኑን ሳያውቅ ነው ያረፈው፤ ቢነገረው ግን ትርጉሙን ጠይቆ ደስ ይለው ነበር።

ነገሩ ያለው ከዚያ በታች ነው። ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደላት እንዲህ የሚል ማብራሪያ ሰፍሯል፦ "ባለቤታቸው ወ/ሮ ብርቅዬ ቦርዴ የተባለውን፣ ወፍራምና ጥሩ ጣዕም የነበረውን መጠጥ በመሸጥ ጥፋት በ1965 ዓ.ም. ከማኅበረ ምእመናን ታግደው እንደነበር በወቅቱ በይፋ ተነግሯል። ምንጭ፦ ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ አባት።" ወይዘሮ ብርቅዬ እናቴ ናት። በሕይወት አለች፤ ዕድሜዋ ሰባዎቹን እያገባደደ ነው፤ ቤቷም ከቢሮዎ ሩቅ አይደለም። ይህን የምጠቅሰው በረቂቁ ላይ ያለች የማይመስል ነገር ስላየሁ ነው።

አንደኛ። ረቂቁ እንዲባዛ የተላከው ወደ እኔ ቤት ነው። ለባለድርሻ አካላት ሁሉ እንዲዳረስ በሚል ጠቀም ያለ ብዛት ታዘዘ፤ እኔም የመንግሥት ሥራ አይቆይም ብዬ ሌሎች ደንበኞቼን አስቀምጬ ማሽኑን አሞቅሁት። በእኛ ሥራ ወረቀት ማንበብ የለም፤ ማንበብ ከጀመርን ማባዛቱ ይቀራል። ከማሽኑ አፍ የአባቴ ፎቶ፣ ከሥሩም የእናቴ ስም ሲወጣ ልብ ያልኩት ትእዛዙ ሊያልቅ ሲል ነው። እጄ ላይ ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር። መልእክተኛዎ ቆሞ ይጠብቀኝ ስለነበረ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ አስረከብኩት፤ ደረሰኝም ጠየቀኝ፤ ቆረጥኩለት። በዚህች ከተማ የእናቷን ገበና በገዛ ማሽኗ አባዝታ በተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ያስረከበች ልጅ ከእኔ ሌላ የምትኖር አይመስለኝም፤ ለዚህ ታሪካዊ ዕድል ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። አስቀድሞ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ማናገር ከባድ ሥራ እንደነበረ እረዳለሁ። ዳቦ ቤታችን ከቢሮዎ መስኮት ይታያል፤ በየስብሰባችሁ ከሻይ ጋር የሚቀርበው ዳቦም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሁለተኛ። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ተብሎ ከአዳራሹ ፊት ለፊት በሚገኘው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በሰሌዳው አናት ላይም በወፍራም ፊደላት፣ የግል ሕይወታችን ተነክቷል የሚሉ ቤተሰቦች በአሥር ቀን ውስጥ ቅሬታቸውን እንዲያቀርቡ ተጋብዘዋል። በዚህ አሠራር ጥልቀት ብዙ ተደንቄያለሁ። ኮሚቴው ገበናችንን ለሕዝብ ይንገር ወይስ ይተው ብሎ ሊጠይቀን ፈለገ፤ ጥያቄውም እንዲደርሰን ገበናችንን ለሕዝብ ነገረ። በአሥር ቀን ውስጥ ባንቀርብ ፈቅደናል ማለት ነው፤ ብንቀርብ ደግሞ የእነማን ቤት እንደሆነ ያልገባው ሰው ካለ ያኔ ይገባዋል።

የተለጠፈበትም ጊዜ በጥናት የተመረጠ ይመስላል፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ሰሞን ነበር። ወደ በዓሉ ሜዳ ወደ ጉዱማሌ የሚሄደው ሕዝብ፣ ከየወረዳው የመጣው እንግዳ፣ አዲስ ልብስ የለበሰው ልጅ እግር፣ ፎቶ አንሺውና ሸንኮራ ሻጩ ሳይቀሩ በሰሌዳው ፊት አልፈዋል። ከሐይቅ ዳር ሆቴል አስተናጋጆች አንዷ የእናቴን ቦርዴ አሠራር እንድጽፍላት እስክትጠይቀኝ ድረስ ነገሩ ተዳርሷል። ልጅቷ በክፋት አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ገባሁ።

በዚህ መሐል ሕዝባዊ ተሳትፎ ያደረገ አንድ ሰው ቢኖር ሱልጣን ነው። ሱልጣን ከዳቦ ቤታችን ፊት ለፊት የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ከአባቱ ጀምሮ ጎረቤታችን የሆነ ነጋዴ ነው። ማብራሪያውን እንዳነበበ ማንንም ሳያማክር "ዲሽ እንተክላለን፣ ቻናል እንሞላለን" የሚል ማስታወቂያ አምጥቶ በትንንሾቹ ፊደላት ላይ በትክክል ለጠፈበት። ዲሽ ተክሎ አያውቅም። የአዳራሹ ጥበቃ በማግስቱ ማስታወቂያውን ልጦ አነሣው፤ ለሱልጣንም በመንግሥት ሰሌዳ ላይ የግል ነገር መለጠፍ ክልክል መሆኑን አስረዳው። ክቡርነትዎ ይህን ጥበቃ በኮሚቴው ውስጥ አባል ቢያደርጉት መጽሐፉ ብዙ ይጠቀም ነበር እላለሁ።

ሦስተኛ። ክቡርነትዎ "በይፋ ተነግሯል" በሚለው ቃል ላይ ቆመዋል። እውነት ነው፣ ተነግሯል፤ አልክድም። አንባቢ ሁሉ የእኛን ቤት ሥርዓት ስለማያውቅ ግን እንዴት እንደተነገረ ላስረዳ። በልጅነቴ በነበረው የቤተ ክርስቲያናችን ልማድ፣ ጥፋት የተገኘበት ምእመን ስሙ እሑድ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ከጌታ እራት ይታገዳል፤ የእገዳው ወራት እስኪያልቅ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በጉባኤው ፊት ቆሞ ንስሐ ሲገባ ሁሉም እጁን ጨብጦ ይቀበለዋል። ሥርዓቱ ነገሩን የሚያነሣው ሊዘጋው ነው። እጅ ከተጨበጠ በኋላ ያንን ጥፋት መልሶ ማንሣት ራሱ ጥፋት ነበር።

የእናቴ ጥፋት ቦርዴ ነው። ቦርዴ ከበቆሎና ከገብስ የሚጠመቅ ሆኖ፣ የቀን ሠራተኛ ምሳ ለመግዛት ሲያጥረው አንድ ቅል ጠጥቶ እስከ ማታ የሚውልበት ወፍራም ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ምግብ ነው ወይስ መጠጥ በሚለው ላይ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል፤ የሚታኘክ ነገር መጠጥ አይባልም ብለው የተሟገቱላት አባት እንደነበሩ እናቴ ዛሬም በምስጋና ታነሣለች። ተረቱ። ውሳኔው የተነበበበት እሑድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ የድምፅ ማጉያ የተተከለበት እሑድ ነበር፤ ጥሩንባው ደጅ ዋርካው ላይ ታስሮ ስለነበር የእናቴን ስም ምእመኑም፣ መስጊድ አጠገብ ያሉት ጎረቤቶቻችንም፣ በመንገድ የሚያልፈው ባለ ጋሪም እኩል ሰሙት። ስለዚህ መረጃው የአደባባይ ነው፤ ክቡርነትዎ ልክ ነዎት።

ኮሚቴዎ ሳያጠናው የቀረው ግን ያ የሰማ ሕዝብ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። በማግስቱ የሱልጣን እናት ምንም እንዳልሰማች ሆና ጨው ልትበደር መጣች፤ ጨው እንደነበራት እናቴ ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ ወደ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሠርግ ተሠርጓል፣ ተለቅሷል፣ በአጥር ድንበር ከጎረቤት ጋር ተጣልተን የሆድ ሁሉ ወጥቷል፤ ያኔ እንኳ ያንን እሑድ ያነሣ ሰው የለም። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሁሉም እያወቀ ተወው። ይህን መተው አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው በየቀኑ ደክሞ ያቆመው ነገር ነው፤ ከተማዋን ያቆሙ ሰዎች ሲባል እኔ የሚታየኝ እሱ ነበር። ኮሚቴዎ በአንድ ወረቀትና በአራት መርፌ ቁልፍ አፈረሰው።

ክቡርነትዎ የአደባባዩን መርህ በእኩልነት ልንሠራበት ከፈቀዱ ደግሞ አንድ ምሳሌ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ብዙ መቶ ሰው በተሰበሰበበት ግምገማ፣ አንድ የሥራ ኃላፊ ተነሥተው ሂስና ግለ ሂስ አድርገዋል። ማይክራፎን ነበረ። እኔም የስብሰባውን ወረቀት አባዝቼ ይዤ ስለመጣሁ በበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ኃላፊው ምን አጥፍተው እንደነበር፣ በማን መኪና ምን እንዳስጫኑ፣ የት ላይ ሲደርሱም ድምፃቸው እንደተቆረጠ ሁሉም ሰምቷል። እኔ ግን አልጽፈውም። ልጆች አሏቸው፤ ባለቤታቸውም በየጠዋቱ እኛ ዘንድ ዳቦ ይገዛሉ፣ እኛም ደህና አደሩ እንላቸዋለን። ክቡርነትዎ ኃላፊውን ያውቋቸዋል፤ ከእርስዎ የበለጠ የሚቀርባቸው ሰው የለም። ቢያገኟቸው ታቢታ ምንም አላየችም ብለው ይንገሩልኝ።

አራተኛ። ይህ ቅሬታ በወንድሜ በእስራኤል ጥያቄ ተሰርዟል። እስራኤል ዳቦ ቤቱን የሚያስተዳድር፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ የሆነ፣ ከእኔ ይልቅ የሰውን ስም የሚጠብቅ ሰው ነው። ደብዳቤውን አንብቦ ይህኛው ይቅር አለኝ፤ እሺ አልኩት፤ ቀረ። ቁጥሩን የተውኩት አንድ ነገር ከጽሑፍ ውስጥ ሲወጣ ወረቀቱ እንደማይቃጠል፣ አንባቢም እንደማይሞት ለኮሚቴው ለማሳየት ነው።

አምስተኛ። ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁትን አባት ስም ባለመጥቀሳችሁ ላመሰግን እወዳለሁ። አረጋዊ ናቸው፤ ክብር አላቸው፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በከተማው ይኖራሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተናገሩ ቢባል ያፍራሉ። ኮሚቴው ይህን ሁሉ አመዛዝኖ ጠብቋቸዋል። ይህ ማመዛዘን የሚባለው ነገር በቢሮዎ ውስጥ መኖሩን ሳውቅ እፎይ ብያለሁ። የእናቴ ተራ ሲደርስ አልቆ እንደነበር ግን አልሰማሁም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ስለዚህ እንዲሁ እነግርዎታለሁ።

ረቂቁ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ እናቴ እሑድ ቤት መዋል ጀመረች። ጉልበቴን ነው አለችን። በቤተ ክርስቲያን ከመስኮቱ አጠገብ የታወቀ ቦታ አላት፤ ባዶ ሆኖ ሰነበተ፣ ማንም አልተቀመጠበትም። እኔና እስራኤል ነገሩን ልንደብቃት ተስማምተን፣ በዚያ በአዳራሹ በኩል መንገድ ተቆፍሯል፣ ባጃጅ አያልፍም እያልን ስንዋሻት ከረምን። እሷም ውሸታችንን ሰምታ እሺ አለች። የሰሌዳውን ነገር ግን እኛ መዋሸት ሳንጀምር ሰምታ ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶች እንደ ድሮው ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ሊጠይቋት ሲመጡ ጊዜ ገብቷታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራችኝና ባጃጅ አምጪ አለችኝ። ክሊኒክ መስሎኝ ነበር። ለባለ ባጃጁ አዳራሹ ጋ ውሰደን ስትለው ደነገጥኩ፤ መንገዱ ሲታይ ደግሞ አልተቆፈረም፣ እሷም ስለዚያ ምንም አላለችኝም። ሰሌዳው ፊት ቆመው የነበሩ ሰዎች ሲያዩዋት ጫማ ጫማቸውን እያዩ ዞር ዞር አሉ። ሱልጣን ከማዶ ሆኖ ስልክ የሚያናግር መሰለ። ዓይኗ ስለደከመ አንብቢልኝ አለችኝ፤ ላቡንም ጥረቱንም ልማታዊነቱንም አነበብኩላት፤ ትንንሾቹ ፊደላት ጋ ስደርስ አለቀ አልኳት። ጣቷን ሰሌዳው ላይ አድርጋ፣ እነዚህ ጉንዳን የሚመስሉትስ አለችኝ። አነበብኩት። ሰው መሐል ቆሜ የእናቴን ቅጣት ለእናቴ አነበብኩላት። በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩበትና ያፈርኩበት ቀን የለም።

ወፍራምና ጥሩ ጣዕም የነበረው የሚለው ጋ ስደርስ ፈገግ አለች። የምንጩን ነገር ስትሰማ ደግሞ ጭራሽ ሳቀች። ከዚያ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ "ይኸው ነው? ምድጃውስ?"

ክቡርነትዎ በአባቴ ላብ ተሠራ ያሉት ምድጃ ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በሰው ዳቦ ቤት ተቀጥሮ ሲያቦካ የዱቄቱ ብናኝ ደረቱን ያዘውና ከሥራ ቀረ። እናቴ ጓሮ ውስጥ ቦርዴ ጠመቀች። በቆሎውን ከገበያ በጀርባው ተሸክሞ የሚያመጣላት አባቴ ነበር፤ ውሃውንም የሚቀዳው እሱ ነበር፤ በድምፅ ማጉያው የተነበበው ግን የእሷ ስም ብቻ ነው። የምድጃው ጡብ ከዚያ ቦርዴ ነው የተገዛው። ምድጃው ያለቀው እሷ በታገደች ሰሞን ሲሆን የመጀመሪያ ደንበኛውም ቤተ ክርስቲያናችን ነበረች፤ የጌታ እራት ዳቦ ከእኛ ይወሰድ ጀመር። ሊጡን የምታቦካው እናቴ ናት።

እሑድ እሑድ እኔና እሷ ኋላ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። አባቴ አስተናጋጅ ስለነበር ዳቦውን በሳህን ይዞ በየረድፉ ያልፋል። እኛ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ወለሉ ላይ አድርጎ ያልፋል። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ የቤታችን ዳቦ መሆኑን በመዓዛው ስለማውቅ አንድ ጊዜ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ እጄን ይዛ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አባቴን እወደዋለሁ፤ በዚህ ግን ዛሬም ተቀይሜዋለሁ፤ ይህንንም በአደባባይ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ ሰሌዳው ፊት ቆማ የተናገረችውን ቃል በቃል ላድርስልዎ፤ ለክቡርነትዎ ንገሪልኝ ብላለችና። "ቦርዴዬን ከጻፉ ምድጃዬንም ይጻፉ። ምድጃውን ካልጻፉ ግን ቦርዴዬን ይተዉልኝ።"

ክቡር ሆይ፣ የምኖርበት ቤት ግድግዳ ቢናገር ይህን ያህል አልደነግጥም ነበር። እኔ ሲጻፍባት ትሞታለች ብዬ ነበር። እስራኤል ሁሉም ይሰረዝ ይል ነበር። ኮሚቴዎ ሁሉም ይፋ ነው አለ። ለካስ በዚህ ሁሉ ክርክር የባለጉዳይዋን ሐሳብ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ በዚህ ረገድ እኛ ልጆቿ ከኮሚቴው በምንም አንሻልም። ክቡርነትዎ ከእኛ የሚለዩት ሰሌዳ ስላለዎት ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤተሰባችን በአንድ ድምፅ የሚያቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ኮሚቴው ማብራሪያውን መሰረዝ ከፈለገ "በራሱ ላብ" የሚለውም አብሮ ይውጣ፤ አባቴ በሰው ላብ መመስገን አይፈልግም። ማብራሪያው ይቆይ ካለ ደግሞ እናቴ ሰምታ ያጸደቀችው ጽሑፍ የሚከተለው ነው፦ "አቶ ሙሴና ባለቤታቸው ወ/ሮ ብርቅዬ የዳቦ ቤታቸውን ምድጃ ያቆሙት ወ/ሮ ብርቅዬ ጠምቀው በሸጡት ቦርዴ ነው። በዚሁ ምክንያት ከጌታ እራት ታግደው በነበረበት ወቅት ለጌታ እራት የሚቀርበውን ዳቦ የሚያቦኩት እርሳቸው ነበሩ።" ፊደሉ ከአባቴ ፊደል ጋር እኩል ይሁን፤ እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ጉንዳን ማንበብ አትችልም። ማባዛቱን እኔ በነፃ እሠራለሁ፤ በዚህኛው ደረሰኝም አያስፈልግም። እስራኤል የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ስም እንዳይጠቀስ። እናቴም ተገቢ ነው አለች፤ እንደሚያዩት በዚህ ደብዳቤም አልተጠቀሰም።

ለነገሩ ባለፈው እሑድ ጉልበቷ ተሽሏት ሄዳለች። በመስኮቱ አጠገብ ባለው ቦታዋ ተቀመጠች። የጌታ እራት ቀን ነበር፤ ሳህኑን የያዘው እስራኤል ነው። ከፊተኛው ረድፍ መጀመር ሲገባው ጉባኤውን ሁሉ አልፎ ቀጥታ እሷ ዘንድ መጣና ጎንበስ ብሎ ቆመላት። ሥርዓቱ ተዛባ፤ ማንም ግን አላጉረመረመም። እናቴ ቆርሳ ወሰደች፤ ቀና ብላ አየችውና ጨው አንሶታል አለችው።

የመጽሐፉን መታተም በጉጉት እየጠበቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴው አባላት የሚጠይቅ አፍ፣ ለሰሌዳውም ጠንካራ ዝናብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከፎቶ ኮፒ ማሽኔ ጀርባ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታቢታ ሙሴ፣
የብርቅዬ ልጅ፣
መሃል ከተማ፣ ሐዋሳ፤ ሐምሌ 2003 ዓ.ም.

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ስማቸው እንዳይጠቀስ ለጠየቁት አባት እናቴ ሰላምታዋን ታቀርባለች። የቦርዴዋን ጣዕም ይህን ያህል ዘመን ስላልረሱላት ከልብ ታመሰግናለች። በጓሮው በር እየገቡ ይጠጡበት የነበረው፣ ጠርዙ ተሰንጥቆ በሽቦ የተሰፋው ቅል እስካሁን መደርደሪያችን ላይ አለ። ስማቸውን ለእኔም አልነገረችኝም፤ አትነግረኝምም። ቅሉን ግን በፈለጉት ቀን መጥተው መውሰድ ይችላሉ፤ የጓሮው በር ስለተዘጋ በፊት ለፊቱ ይግቡ።